ሌሊቱን በርካሽ አትሽጡብን

ለቴሌኮም ድርጅቶች፣ በተለይም የኢንተርኔት ጥቅል ዋጋና ሰዓት ለሚወስኑ የሥራ ክፍሎች

ጉዳዩ፦ የሌሊት ጥቅል አሠራር እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ኔትወርክ ተቆራረጠብኝ ወይም ካርድ ተበላብኝ ልላችሁ አይደለም የምጽፈው፤ ያንን የሚነግራችሁ ደንበኛ እንደማታጡ አውቃለሁ። የእኔ ጉዳይ የሰዓት ነው። ቀን በውድ የምትሸጡትን ኢንተርኔት ሰው በሚተኛበት ሰዓት በርካሽ ትሸጣላችሁ። ርካሹን የሚገዛው ገንዘብ ያጠረው ነው፤ ገንዘብ ካጠራቸው መካከል ደግሞ ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹ ናቸው። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ዴስክ ላይ የተደፋውን ልጅ «ምን ሆነህ ነው?» ስለው ደጋግሜ የምሰማው መልስ «የሌሊት ጥቅል ነበረኝ፣ ቲቸር» የሚል ነው። ጥቅሉን ሳይጨርሱ መተኛት ለእሱ የተከፈለበትን ምግብ ጥሎ እንደ መነሳት ነው።

ዋጋው እንዲህ የሆነበት ምክንያት አይጠፋኝም። ኔትወርክ የሚዘረጋው ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚሻማበትን ሰዓት እንዲችል ተደርጎ ነው። ከእራት በኋላ የሚጨናነቀው ማማ ከእኩለ ሌሊት ወዲያ ሥራ ይፈታል፤ ወጪው ግን መቆጠሩን አያቆምም። ሥራ የፈታውን አቅም በቅናሽ መሸጥ ከንግድ አንጻር ብልህነት ነው፤ በሌሎች አገሮችም የተለመደ ነው። ደግሞም ቅናሹ የስንቱን ድሃ ልጅ ትምህርት እንደደገፈ በዓይኔ አይቻለሁና ይነሳ አልልም። የምቃወመው አንዲት ነገር ናት፦ ገዢው የገዛውን ለመጠቀም ነቅቶ ማደር አለበት።

ጥቅሉን የሚገዛው ልጅ እንዴት እንደሚያድር ልንገራችሁ። በብዙ ቤት ስማርት ስልክ ያለው አንድ ነው። ቀን አባት ወይም እናት ይዘውት ይወጣሉ፤ ማታ ሲገቡ ከዘመድ ይደዋወሉበታል፣ ዜና ያዩበታል። ልጁ እጅ የሚገባው ቤተሰቡ ሲተኛ ነው። ቴሌግራም ላይ የተለቀቀውን የፈተና ጥያቄ፣ ዩቲዩብ ላይ ያለውን የሒሳብ ማብራሪያ የሚያወርደው ያኔ ነው። እስከዚህ ድረስ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስወቅሰው ነገር የለም። መማሪያው ወርዶ ሲያልቅ ግን ጥቅሉ ይተርፋል፤ የተረፈው ደግሞ ሲነጋ ከንቱ ነው። ስለዚህ ቲክቶክ ይከፈታል። ሁለት ሰዎች ላይቭ ገብተው ማች ሲጋጠሙና ስጦታ ሲለምኑ ይታያል፤ 6 ሰዓት ይሆናል፣ 7 ሰዓት ይሆናል፣ 8 ሰዓት ይሆናል። እናት 12 ሰዓት ላይ ስትቀሰቅሰው የተኛው 4 ሰዓት ብቻ ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ የሚመክረው ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ነው።

ደሴ ብርድ ነው። ልጁ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ የስልኩ ብርሃን እናቱንና ታናናሾቹን እንዳይቀሰቅስ ጨርቁን ከላይ ጎትቶ፣ ስክሪኑን ከአፍንጫው ስንዝር ያህል አስጠግቶ ነው የሚያየው። ይህን ሥዕል ያዙልኝ፤ ስለ ብርሃኑ ስንነጋገር እንፈልገዋለን።

ሙያዬ ነውና ስለ ዓይን ትንሽ ብረዝም ታገሡኝ። ሬቲና ላይ ሮድና ኮን የተባሉ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት እንዳሉ እናስተምራለን። ዓይን ብርሃንን የሚያውቀው በእነዚህ ብቻ ነው ተብሎ ለረጅም ዘመን ታምኖ ኖሯል። ኢግናሲዮ ፕሮቨንሲዮ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ግን እ.ኤ.አ. በ1998 በእንቁራሪት ቆዳ ውስጥ፣ በ2000 ደግሞ በሰው ሬቲና ውስጥ ሜላኖፕሲን የተባለ ሌላ ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲን አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2002 የብራውን ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ በርሰንና ባልደረቦቹ፣ ከዓይን ወደ አንጎል ሰዓት መልእክት የሚልኩት፣ ሜላኖፕሲን ያላቸው ሕዋሳት ከሮድም ከኮንም መልእክት ሳይጠብቁ ራሳቸው ለብርሃን ምላሽ እንደሚሰጡ በአይጥ ሬቲና ላይ አሳዩ። የእነዚህ ሕዋሳት ዋና ሥራ ምስል ማሳየት አይደለም፤ ነግቷል ወይስ መሽቷል የሚለውን ማሳወቅ ነው። ሁለቱ የዓይን ነርቮች ከሚሻገሩበት ቦታ ትንሽ ከፍ ብሎ 20,000 ያህል የነርቭ ሕዋሳት የታጨቁበት፣ የሰውነት ዋና ሰዓት የሚባል ክፍል አለ። መልእክቱ የሚደርሰው ለእሱ ነው። እሱ መጨለሙን ሲያምን ፓይኒያል ዕጢ ሜላቶኒን እንዲያመነጭ ይለቀዋል። ሜላቶኒን ሰውን ዘርጥጦ የሚጥል የእንቅልፍ መድኃኒት አይደለም፤ ለመላ አካላት «መሽቷል፣ ተሰናዱ» የሚል አዋጅ ነጋሪ ነው። ዓይን ውስጥ በቂ ብርሃን ከገባ አዋጁ ይዘገያል።

ሜላኖፕሲን ሁሉንም ቀለም በእኩል ዓይን አያይም። በይበልጥ የሚነቃው በ480 ናኖሜትር አካባቢ ባለው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ኩራዝና ሻማ ከዚህ ቀለም ያላቸው ጥቂት ስለሆነ አያቶቻችን ሲመሽ የሚያበሩት እሳት ሰዓታቸውን ብዙም አይነካውም ነበር። የብዙ ስልኮች ስክሪን ብርሃን ግን ከኤልኢዲ ይመጣል፤ ነጭ የምንለው ኤልኢዲ ደግሞ በውስጡ ሰማያዊ ነው፤ ነጭ የሚያስመስለው ላዩ ላይ የተለበጠው ቢጫ የሚያበራ ንጥረ ነገር ነው። ሰማያዊውን ኤልኢዲ እውን ያደረጉት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል። ይገባቸዋል፤ የእኛን የገጠር ቤቶች በትንሽ ሶላር ያበራው ይኸው ፈጠራ ነው።

በዚያው ዓመት መገባደጃ ከቦስተን አንድ ጥናት ወጣ። 12 ጤነኛ ወጣቶች ደብዛዛ ክፍል ውስጥ ሆነው ለአምስት ምሽት፣ ከመተኛታቸው በፊት 4 ሰዓት ያህል በታብሌት እንዲያነቡ ተደረገ፤ ለሌላ አምስት ምሽት ደግሞ የወረቀት መጽሐፍ አነበቡ። በታብሌቱ ምሽቶች ሜላቶኒናቸው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ዘገየ፤ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው በአማካይ 10 ደቂቃ ያህል ጨመረ፤ ጠዋትም ድብታው በረታባቸው። ከዚያ ወዲህ የስልክ ብርሃን እንቅልፍ ገዳይ ነው የሚለው ወሬ በየሬዲዮው ተሰማ፤ «ብሉ ከት» የተባለ ሰማያዊ ብርሃን ከልካይ መነጽርም በየመነጽር ቤቱ ተደረደረ።

እኔ ግን ያንን ጥናት ለተማሪዎቼ ስነግር 10 ደቂቃ የሚለው ላይ ቆም እላለሁ። 4 ሰዓት ሙሉ፣ በታብሌቱ ከፍተኛ ብርሃን፣ ያውም ከስልክ በሚሰፋ ስክሪን አንብበው 10 ደቂቃ ነው የዘገዩት። እ.ኤ.አ. በ2016 በስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ በ14 ወጣቶች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ቀኑን ከ6 ሰዓት ለሚበልጥ ጊዜ በደማቅ ብርሃን ውስጥ የዋሉ ሰዎች ማታ ለ2 ሰዓት ያህል በታብሌት ቢያነቡም እንቅልፋቸው መጽሐፍ ካነበቡበት ምሽት የተለየ እንዳልሆነ አገኘ። ስልኮች ማታ ማታ ስክሪኑን ወደ ብርቱካናማ የሚለውጡበት ማስተካከያም ተፈትሿል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እሱን ያበሩት ወጣቶች ካላበሩት የተሻለ አልተኙም ብለዋል። መነጽሩን በተመለከተ የኮክሬን ግምገማ እ.ኤ.አ. በ2023 17 ጥናቶችን አገላብጦ በእንቅልፍ ላይ ያለው ጥቅም ግልጽ አይደለም ሲል ደመደመ። መነጽር ቤቶቹ ይህንን ሲነግሩን አልሰማሁም።

ታዲያ ብርሃኑ ትንሽ ከሆነ ይህን ሁሉ ምን አስለፈለፈህ ትሉኝ ይሆናል። በቤተ ሙከራ ያደሩት ወጣቶች የመኝታ ሰዓታቸው ተወስኖላቸው ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ታብሌቱን ከእጃቸው የሚቀበል፣ መብራት የሚያጠፋ ሰው ነበራቸው። የእኔ ተማሪ ይህ የለውም፤ የእሱን መብራት የሚያጠፋው የእናንተ ጥቅል ማብቂያ ሰዓት ነው። የብርሃኑ ጉዳትና የመንቃቱ ጉዳት እሱ ዘንድ ተለያይተው አያውቁም። ስክሪኑ ሜላቶኒንን ያዘገያል፤ የዘገየው ሜላቶኒን ልጁን «ገና አልመሸም» ይለዋል፤ ያልመሸበት ልጅ ሌላ ቪዲዮ ይከፍታል፤ ቪዲዮው ደግሞ መልሶ ብርሃን ነው። ቀድሞውንም በጉርምስና ዕድሜ የሰውነት ሰዓት በተፈጥሮው ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ጎረምሳ ማታ ዓይኑ የማይከደነው፣ ጠዋት ከአልጋ የማይነሳው ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እናንተ ቅናሹን የምትከፍቱለት ይህ ሰዓቱ በሚንሸራተትበት አቅጣጫ ነው።

ያ የብርድ ልብሱ ሥዕል የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። ከትንሽ ምንጭ የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ በግማሽ ሲያጥር ወደ ዓይን የሚገባው በግምት አራት እጥፍ ይሆናል። ብርድ ልብስ ውስጥ ሌላ ብርሃን ስለሌለ የዓይን ብሌን ሰፍቶ የተገኘውን ሁሉ ያስገባል። የልጅ ዓይን ሌንስ ደግሞ የጠራ ነው፤ የኛ የጎልማሶቹ በዕድሜ ወደ ቢጫ ስላደላ ሰማያዊውን በከፊል ያስቀረዋል። ሰውና ሰው ምን ያህል እንደሚለያይ ያሳየ ሌላ ጥናትም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ይህ ጥናት ለማታ ብርሃን ባላቸው ስሱነት በሰዎች መካከል ከ50 እጥፍ በላይ ልዩነት አግኝቷል። አንዱ ልጅ ሌሊቱን ስልክ ላይ አምሽቶ ወዲያው ያንኮራፋል፤ ጎኑ ያለው ወንድሙ በደብዛዛ አምፖል እንኳ ይገላበጣል። «እኔን ምንም አላደረገኝም» የሚል አባት በልጁ ላይ መፍረድ የማይችለው ለዚህ ነው።

የዘርፉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2022 ተሰባስበው ባወጡት ምክር፣ ለእነዚያ ሰዓት ጠባቂ ሕዋሳት በተስተካከለ የሉክስ መለኪያ፣ ቀን ዓይን የሚያገኘው ብርሃን ቢያንስ 250፣ ከመኝታ በፊት ባሉት 3 ሰዓታት ቢበዛ 10፣ በእንቅልፍ ሰዓት ቢበዛ 1 እንዲሆን አሳስበዋል። እዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ ነገር ልበል። በሰሜን አውሮፓ የብርድ ወራት ልጅ በጨለማ ትምህርት ቤት ገብቶ በጨለማ ይወጣል። እኛ ዘንድ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች፣ 12 ሰዓት አካባቢ ትገባለች፤ የሰዓት አቆጣጠራችን ራሱ ከእሷ ጋር ይጀምራል። ደመናማ የክረምት ቀን እንኳ ደጅ ያለው ብርሃን ከማንኛውም የቤት አምፖል ይበልጣል። የኡፕሳላው ጥናት እውነት ከሆነ ማታ ስክሪን እንዳይጎዳን የሚያደርገው መከላከያ በነጻ በራችን ላይ ፈሷል ማለት ነው። ልጆቻችን ግን መስኮቱ ጠባብ፣ ግድግዳው የጠቆረ ክፍል ውስጥ ታጭቀው ይውላሉ፤ በእረፍት ሰዓት እንኳ «ግቢ ውስጥ አትሩጡ» ይባላሉ። ይህ የእናንተ ጥፋት አይደለም። ደብዳቤው በግልባጭ ለትምህርት ሚኒስቴርም ስለሚደርስ ነው ያነሳሁት።

ለተማሪዎቼና ለወላጆቻቸው የምነግራቸው ጥቂት ነው፤ ወጪ የለውም። መሸት ሲል የስክሪኑን ብራይትነስ ዓይን እስከሚችለው ዝቅ ማድረግ፤ ይህ ከቀለም ለውጡ የበለጠ ይሠራል፣ ቀለሙንም ብትጨምሩበት አይጎዳም። ዳርክ ሞድ ያለው መተግበሪያ ላይ እሱን ማብራት። ስልኩን ከፊት አርቆ መያዝ፣ መብራት ካለ ክፍሉን ጨርሶ አለማጨለም። የሚወርድ ነገር ካለ አስጀምሮ ስልኩን ገልብጦ ማስቀመጥ። ቪዲዮ ከሆነ ዓይንን ጨፍኖ ማዳመጥ፤ ብዙው ማብራሪያ በድምፅ ብቻ ይገባል። ከሁሉም በላይ ስልኩ ከአልጋ ውጭ ቻርጅ ይደረግ። በአንድ ክፍል ስድስት ሰው በሚያድርበት ቤት «ሌላ ክፍል አስቀምጠው» ማለት ስላቅ ይሆናልና ከራስጌ ወደ በሩ አጠገብ ቢዛወር ይበቃል። ይህን ሁሉ ግን ስናገር የሌሊት ጥቅሉ ተቃራኒውን እየተናገረ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱ ደግሞ ከእኔ ይልቅ ይደመጣል፤ በብር ስለሚናገር።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ።

በመጀመሪያ፣ ሌሊት ተገዝቶ ያላለቀ ጥቅል ሲነጋ አይሙት። ሙሉውን ካልቻላችሁ ግማሹን፣ ግማሹን ካልቻላችሁ ሩቡን፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ኔትወርኩ ቀለል በሚልበት ሰዓት እንዲጠቀሙበት አድርጉ። ተማሪውን ከእኩለ ሌሊት በኋላ አስሮ የሚይዘው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ሜጋባይት አይደሉም፤ የተረፉት ናቸው። «ይባክንብኛል» የሚለው ስሜት ከተነሳለት አብዛኛው ልጅ የሚፈልገውን አውርዶ የሚተኛ ይመስለኛል። ለእናንተ ኪሳራ የሚሆነው ምን ያህል እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ የትራፊኩ ግራፍ እናንተ እጅ ነው።

ሁለተኛ፣ ቅናሹን ወደ ንጋት አስጠጉት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት የሚያገለግል የተማሪ ጥቅል ቢኖር፣ ማታ 3 ሰዓት የተኛ ልጅ 8 ሰዓት ሙሉ ተኝቶ ይነሳና ያጠናል። የጠዋት ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ወደፊት ስለሚስብ በማግስቱ ማታ እንቅልፍ ቀድሞ ይመጣለታል። በልጅነታችን «ሌሊት ተነስተህ አጥና» የተባልነው በንጋት ነበር፤ ወላጆቻችን ስለ ሜላኖፕሲን ሳያውቁ ልክ ነበሩ። የእሑድ ጠዋትም አለ፤ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ባለበት ወይም ገና ባልተነሳበት ሰዓት ኔትወርካችሁ ሥራ እንደማይበዛበት እገምታለሁ።

ሦስተኛውን ብዙ ያሰብኩበት ስለሆነ ልዘርዝረው። ሌሊት ሥራ የፈታውን ማማ ለመጠቀም የሰው ዓይን መንቃት ለምን ያስፈልጋል? ስልኩ ብቻውን ይንቃ። ተማሪው ማታ በመተግበሪያችሁ ገብቶ የሚፈልጋቸውን የትምህርት ፋይሎች ይምረጥ፤ ስልኩ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ፣ ስክሪኑ ጠፍቶ፣ ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ሌሊት በራሱ ያውርድ፤ ጠዋት ሲነሳ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው። በቀጠሮ ማውረድ አዲስ ቴክኖሎጂ አይደለም፤ ስልኮች ራሳቸውን የሚያድሱት ባለቤታቸው ተኝቶ ሳለ ነው። እንዲህ ላለው ጥቅል ከዛሬው የሌሊት ጥቅል በታች ዋጋ ብታወጡለት ገዢው ይሽቀዳደምላችኋል፤ እናንተም ጭነቱን የምትፈልጉት ሰዓት ላይ ራሳችሁ ትደለድሉታላችሁ። አሁን ያለው ጥቅል ይህን ዕድል አይሰጣችሁም፤ ሁሉም ሰዓቱ እንደ ጀመረ ይሻማል።

አራተኛው ቀላል ነው። ከማታ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት የማስታወቂያ መልእክት አትላኩ። «ይገምቱ፣ ይሸለሙ» የሚል ጽሑፍ እኩለ ሌሊት ላይ ጨለማ ክፍል ውስጥ ስክሪን ሲያበራ የሚነቃው የስልኩ ባለቤት ብቻ አይደለም። ስማርት ስልክ በረጅም ጊዜ ክፍያ የምትሸጡም ካላችሁ፣ ሻጮቻችሁ ስልኩን ከማስረከባቸው በፊት ብራይትነሱ ማታ በራሱ እንዲቀንስና ድምፁ በእንቅልፍ ሰዓት እንዲዘጋ አስተካክለው ይስጡ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ብዙው ገዢ ማስተካከያው መኖሩንም አያውቅም።

የሚነሱ ክርክሮችን እጠብቃለሁ። ሰው ሁሉ ተማሪ አይደለም፤ የሌሊት ዘበኛው፣ ተረኛዋ ነርስ፣ ዳቦ ጋጋሪው ሌሊት ነቅተው መሥራታቸው ኑሯቸው ነው፤ ቅናሹ ለእነሱ ይገባል። ከዋሽንግተን ጋር ያለን ልዩነት 7 ወይም 8 ሰዓት ስለሆነ እዚያ ያለች እህት ከሥራ ወጥታ ስትደውል እዚህ እኩለ ሌሊት ነው፤ እናት ያንን ጥሪ የምትቀበለው በሌሊት ጥቅል ነው፤ እሱን የሚከለክል ደብዳቤ አልጽፍም። አብዛኛው የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ በእኛ ሰዓት ማታ 4 ወይም 5 ሰዓት ይጀምራል፤ እሱንም ቢሆን ተውት፣ እኔም አያለሁ። የጠየቅኋችሁ በሩን እንድትዘጉ አይደለም። ለመተኛት የፈለገ ሰው ሳይከስር መተኛት የሚችልበትን ሌላ በር እንድትከፍቱ ነው።

«ልጁን መቆጣጠር የወላጅ ፋንታ ነው» የሚል መልስ ከሰጣችሁኝ ግን አልቀበልም። ወላጁ ደክሞት ተኝቷል፤ በዚያ ሰዓት ልጁ ዘንድ ያለው ብቸኛው ትልቅ ሰው የእናንተ ዋጋ ነው። የቴሌኮም ገበያው ከተከፈተ፣ ፉክክርም ከጀመረ ወዲህ በዋጋ ስትፎካከሩ አይተናል፤ በሰዓት ደግሞ ብትፎካከሩ ደስ ይለናል። የደንበኞችን ጥቅም የመጠበቅ ኃላፊነት ያለበት፣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ታሪፍ ሲመለከት ስንት ብር ነው ከሚለው ጋር በስንት ሰዓት ነው የሚለውን እንዲጠይቅ በግልባጭ አሳስባለሁ። ትምህርት ሚኒስቴር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተናን በከፊል በኮምፒውተር መስጠት ጀምሯል፤ ልጆቹ ስክሪን ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ የጥናት ፋይሎች ትምህርት ቤት ውስጥ በቀን፣ ያለ ጥቅል የሚወርዱበት መንገድ ቢመቻች፣ መምህራንም ከማታ 3 ሰዓት በኋላ በቴሌግራም ቡድን የቤት ሥራ እንዳይለቁ መመሪያ ቢወጣ፣ ለቴሌኮሞቹ የተውኩት ሸክም ይቀላል።

መልሳችሁን በጽሑፍ ብትልኩልኝ በትምህርት ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። የንጋቱን ጥቅል ወይም በቀጠሮ ማውረዱን ለመሞከር ከተማ የምትፈልጉ ከሆነ ደሴን ሞክሩ፤ የሚሞክሩላችሁን ክፍሎች ከወላጆቻቸው ፈቃድ ጋር እኔ አስተባብራለሁ፤ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስንት ልጅ እንደነቃም ቆጥሬ እነግራችኋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የባዮሎጂ መምህር
ደሴ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
ለትምህርት ሚኒስቴር